አረንጓዴ ክር ያለበት የኮት ቁልፍ

የልጅ ልጆቼን ዕጣ አጭበርብሬያለሁ። ዕጣ ጣይዋ እኔ ነበርኩ። የማን እንደሆነ እያወቅሁ፣ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ጣልኩት። ጥዬም "እግዚአብሔር ፈረደ" አልኩ። እንዲመዘገብብኝ የምፈልገው ጥፋት ይህ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ፣ ለማንም አልተናገርኩትም። ለልጆቼ አልነገርኩም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ኃጢአቴን ለምቆጥርላቸው ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፣ ቁጣዬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ቅቤ እንዳለበት ሳላውቅ በጾም የበላሁትን ብስኩት ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህንን ግን ዘለልኩት። አንድ ጊዜ የተዘለለ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለመዝለል ይቀላል።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው የተዳርኩት። ነገር ግን በአንድ ነገር እታወቃለሁ፤ እኩል በማካፈል። አንድ ብርቱካን ለሦስት ሕፃን ስሰጥ ፍልቃቂውን ቆጥሬ ነው። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም ለፋሲካ የእኛ ሰዎች ከከተማ ወጣ ብለው ገበሬ ጋ በሬ ገዝተው ቅርጫ ሲያርዱ፣ ሥጋው በየመደቡ ተደልድሎ እኔን ይጠብቃል። "እማማ ሳይመጡ መደብ እንዳይነካ" ይባላል። ዳኛዋ ነበር የሚሉኝ። ይህን የምነግራችሁ ልኮራ ብዬ አይደለም። የወደቅሁት ከየት ላይ እንደሆነ እንድታዩ ነው።

ዕጣን ለማያውቅ ልንገር። ዕጣ ጣይ ከክፍሉ ትወጣለች። ባለዕጣዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነገር፣ ጠጠርም ትሁን ስንጥር፣ አንድ ዕቃ ውስጥ ይከታሉ። ዕጣ ጣይዋ ትመለስና የማን የማን እንደሆነ ሳታውቅ በየድርሻው ላይ አንዳንድ ታስቀምጣለች። ሌላ ጥበብ የለውም። የምትታመነው ስለማታውቅ ነው። ካወቀች ግን ሕግ አለው። አባቴ ቡልጋ ውስጥ የቅርጫ ዕጣ ጣይ ነበር። አንድ ጊዜ ዕጣዎቹን መዳፉ ላይ ይዞ ቆመና "ይህችን አውቄያታለሁ፤ ለውጡ" አለ። ከገዛ ወንድሙ ከዘራ የተላጠች ስንጥር ነበረች። ሰው ሳቀ፣ ወንድሙ ተቆጣ፣ ሥጋው ላይ ዝንብ አረፈበት። አባቴ ግን ስንጥሯን መሬት ጥሎ እንደገና ከግቢው ወጣ። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ሁለት ልጆች አሉኝ። አልማዝ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ ደረጀ አሌክሳንድሪያ። እኔ ሁለት ሳምንት እሷ ጋ፣ ሁለት ሳምንት እሱ ጋ ነበር የምኖረው። አንድ ቀን አላበላለጥኩም። በረዶ ጥሎ ባቡር ቢቆም እንኳ የቀረውን ቀን በሚቀጥለው አካክሰዋለሁ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት ላይ የአልማዝ ልጅ ሶስና እና የደረጀ ልጅ ናሆም ሁለቱም አሥረኛ ክፍል ነበሩ። የሚበላለጡት በሁለት ወር ነው። ለሒሳብ ትምህርታቸው ግራፍ የሚሥል ትልቅ ካልኩሌተር ያስፈልጋቸው ነበርና፣ ሕፃን ጠብቄ ባገኘኋት አንድ ገዝቼ ለሁለታችሁ ነው አልኳቸው። ትምህርት ቤት ያለውን ክፍል ውስጥ ይጠቀሙበታል፤ ይህኛው ለቤት ነው። ካልኩሌተሩ እንደኔ ይሁን፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት እዚህ፣ ከኔ ጋር በቦርሳዬ ይሂድ ብዬ ፈረድኩ።

ከሒሳቡ ይልቅ ጌም መሥራት ጀመሩበት። መጀመሪያ አልወደድኩትም። አንድ እሑድ አልማዝ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጬ የሰፈራችንን የሠርግ ዘፈን በልቤ እያልኩ ጉልበቴን መታ መታ ሳደርግ ሶስና ቀና ብላ አየችኝ።

"እማማ፣ እንደገና።"

"ምኑን?"

"ያደረግሽውን። በእጅሽ።"

አጨበጨብኩላት። ካልኩሌተሩ ላይ ቁጥር ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና አጨብጭቢ ትለኛለች። አንድ ማለት አጨብጭብ ነው፣ ዜሮ ማለት ዝም በል ነው አለችኝ። ሊገጥምላት አልቻለም። እዚህ አገር በሬዲዮ የሚሰማው ዘፈን ሁሉ በአራት ነው የሚከፈለው፤ የኔን ጭብጨባም በአራት ልትከፍለው ስትታገል ሁለት ሳምንት አለፈ። ልሄድ ቦርሳዬን ስዘጋ ከመኝታ ክፍሏ እየጮኸች ወጣች። "እማማ! ያንቺ በአራት አይገባም! ስድስት ነው፣ ስድስት!" እኔ ቆጥሬ አጨብጭቤ አላውቅም። ሃምሳ ዓመት በየሠርጉ ሳጨበጭብ ስድስት መሆኑን የነገረችኝ ይህች ልጅ ናት። ይህን ልብ በሉልኝ። ስድስቱን ያገኘችው እሷ ናት።

ጌሙ እንዲህ ነበር። በዚያች ግራጫ ስክሪን ላይ ከላይ ጥቁር ጥቁር ነጥቦች ይወርዳሉ። ከታች መሥመር አለ። ነጥቧ መሥመሩን ስትነካ የካልኩሌተሩን በተን መጫን ነው፤ ከቀደምክም ከዘገየህም ይቆጥርብሃል። ካልኩሌተሩ ድምፅ የለውም። ድምፁ እኔ ነበርኩ። እኔ አጨበጭባለሁ፣ እነሱ ነጥቦቹ ከእጄ ጋር መግጠማቸውን ያያሉ። ለፕሮግራሙ ስም ሲያወጡለት ከስምንት ፊደል በላይ አይቀበልም ነበርና በእንግሊዝኛ ፊደል "እማማ" ብለው ጻፉበት።

አሁን ስለ ናሆም ልናገር። የዚያን ዓመት እናቱ ቤቱን ትታ ሄደች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዚህ አልዳኝም፤ ዳኝነት በቅቶኛል። ደረጀ ሙሉ ቀን የኪራይ ሊሞዚን ይነዳል። ልጁ መናገር አቆመ። ምግብ ሳቀርብለት "እሺ"፣ ትምህርት ቤት እንዴት ነበር ስለው "ደህና"፤ ከዚህ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። የብርድ ኮቱ ቁልፎች ሦስቱ ረግፈው በመርፌ ቁልፍ ይዞት ነበር የሚሄደው። ለወር ያህል ማንም አላየለትም። ጥቁር ክር ፈልጌ አጣሁ፤ መሳቢያው ውስጥ የተገኘው አረንጓዴ ብቻ ነበር። በአረንጓዴው ሰፋሁለት። "ይሄ ምንድነው እማማ፣ ገና ዛፍ አስመሰልሽኝ" አለኝ። ከሳምንታት በኋላ የሰማሁት ረጅሙ ንግግሩ ይኸው ነበር።

ካልኩሌተሩን ስሰጠው ግን ሌላ ልጅ ሆነ። ሶስና የሠራችው ጌም ይንቀራፈፍ ነበር። ሦስት ነጥብ አንድ ላይ ሲወርድ ስክሪኑ ይቆማል፣ ከዚያ ይዘላል። ናሆም አሥር ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲያየው ከረመና ስልክ ደወለላት።

"ሁሉንም እያጠፋሽ እንደገና ስለምትስዪ ነው። የወረደችውን ብቻ አጥፊ።"

"አሥር ቀን አስበህ ያመጣኸው ይሄን ነው?"

"አንቺ ሁለት ወር አስበሽ አላመጣሽውም።"

ስፒከር ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም ሲስቁ ሰማኋቸው። ልጁ ሳቀ። ከኩሽና ሆኜ እጄን በፎጣ እየጠረግሁ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ እኔ መልእክተኛቸው ሆንኩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር እይዛለሁ፣ መሐል ከተማ ወደ ቢጫው እቀይራለሁ፣ ኪንግ ስትሪት እወርዳለሁ፤ ጌሙ ቦርሳዬ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ። አንዷ የጻፈችውን ሌላው ይቀጥላል። ባቡር ውስጥ አውጥቼ እጫወትበት ነበር። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው የቤት ሒሳቤን የምሠራ ይመስለው ይሆናል። አንድ ቀን ከመቶ ዘጠና አንድ አመጣሁ፤ ከሁለቱም በላይ ማለት ነው።

"እማማ ቺት አድርገሻል!" አለችኝ ሶስና።

"እኔ? እኔ በሕይወቴ አታልዬ አላውቅም" አልኳት። ያኔ እውነት ነበር።

በየካቲት መጨረሻ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱንም የሚያስጠናቸው ሰው ጌሙን አየው። ዝም ብሎ ተጫወተ፣ ደገመው። ከዚያ አንድ ፎርም አመጣ። ክረምት ላይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ሳምንት እያደሩ ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ የሠሩትን ነገር ያሳዩና ይገባሉ። እነዚህ ልጆች በዚህች ጌም በእርግጥ ይገባሉ አለ። ነገር ግን አንድ ሥራ በአንድ ስም ብቻ ነው የሚቀርበው። ሁለት ስም አይቀበሉም። ደውሎ ጠየቀልን፤ አይሆንም አሉት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችን አልማዝ ቤት ተሰበሰብን። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ፣ ካልኩሌተሩ ፎርሙ ላይ። ልጆቼ ጀመሩ።

"የጻፈችው እሷ ናት ደረጀ፤ ስድስቱን ያገኘችው እሷ ናት።"

"ያለ እሱ ጌም ነበር እንዴ? ቆሞ ነበር እኮ የቀረው።"

"አንተ ደግሞ፣ ምኑን አውቀህ ነው?"

"አንቺስ ከመቼ ወዲህ ነው ኮምፒውተር ያወቅሽው?"

ልጆቹ ግን አልተጣሉም። እርስ በርስ ተያዩና ናሆም ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሶስና ወደ እኔ ዞረች። "እማማ ዕጣ ትጣልልን። የወጣለት ይሄዳል፤ ያልወጣለት አያኮርፍም።" ናሆም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ልጆቼም ክርክራቸውን ተዉ። በኔ ዕጣ ላይ ማን ምን ይላል?

መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ድምፃቸው እንዳይሰማኝ ቧንቧውን ከፈትኩት። እስከዚያ ድረስ ንጹሕ ነበርኩ፤ ይህን እምላለሁ። "ጨርሰናል" ሲሉኝ ወጣሁ። አንድ ጽዋ ሰጡኝ። ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ ፎርሙ፣ ከሌላው ጫፍ ባዶ ወረቀት። ወደ ጽዋው አየሁ። ከአበባ ማሰሮ የተወሰደች ነጭ ጠጠር አለች። አጠገቧ የኮት ቁልፍ። ቀዳዳው ውስጥ አረንጓዴ ክር ቀርቷል።

ምን ማለት ነበረብኝ? ሦስት ቃል ነው። ይህን አውቄዋለሁ፤ ለውጡት። የአባቴ ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ናሆም እንዳውቅለት አስቦ አይደለም ያን የከተተው፤ ኪሱ ውስጥ ያገኘው ያን ብቻ ነበር። እኔ የሰፋሁት ቁልፍ እንኳ ዳግመኛ ወልቆ ነበር። ያን ጊዜ ያየሁት ልጁን አልነበረም፤ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ኮት ነው ያየሁት። ሶስና እናት አላት፣ አባት አላት፣ የራሷ ክፍል አላት፣ መምህሮቿ ሁሉ ይወዷታል። ለሷ ሌላ በር ይከፈታል፤ ለእሱ ይህ ብቻ ነው አልኩ በልቤ። ማነኝ እኔ? የማን በር እንደሚከፈት የማውቀው እኔ ማን ሆኜ ነው? እግዚአብሔር ያበላለጠውን እኔ ላስተካክል ብዬ ተነሣሁ። እኔ እኩልነት ብዬ የምጮኽ ሴት፣ እኩልነትን ከመዳፌ ላይ ወስጄ ሰበርኩት።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ይህ ነው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፤ ለሰው እንዲታይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣቶቼ ክሩን ፈልገው አገኙት። ቁልፉን ፎርሙ ላይ አኖርኩ፣ ጠጠሯን ባዶው ወረቀት ላይ። "እግዚአብሔር ፈረደ" አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ቁልፉን ብቻ ጥዬ ዝም ብል እንኳ ጥፋቱ የኔ ብቻ ይሆን ነበር። እኔ ግን ስሙን ጠራሁበት።

ሶስና ጠጠሯን አየቻት። "እሺ" አለች። ናሆምን እንደ ትልቅ ሰው በእጇ ጨበጠችው። ከዚያ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፤ የማልረሳው ይህን ነው። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ስድስቱን ታስረዳው ጀመር። "ሲጠይቁህ እንዳትደናገር። ይህቺ ረድፍ ለምን እዚህ ላይ እንደምትዘል ካልነገርካቸው የገለበጥከው ይመስላቸዋል።" እስኪመሽ አስጠናችው። እኔ ቆሜ አየሁ። አሁንም ጊዜ ነበረኝ። ፎርሙ ላይ ስም አልተጻፈም ነበር። አፌን ብከፍት፣ ቢያኮርፉኝ፣ ቢስቁብኝ፣ ዕጣው ይደገም ነበር። ፎርሙ በእስክሪብቶ ሲሞላ አየሁ። ሲታጠፍ አየሁ። ፖስታ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ዝም አልኩ።

ናሆም ሄደ። አራት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ወሬኛ ሆኖ መጣ። ዛሬ ሌላ ስቴት ሶፍትዌር ይሠራል፤ ሚስት አግብቷል፤ በየእሑዱ ይደውላል። እና ምን? መልካም ወጣ ብዬ ራሴን ልማር? እሱ ባይሄድ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። እሷ ብትሄድ ምን ትሆን እንደነበርም አላውቅም። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ያውቃል፤ እኔ ምን እንደወሰድኩባት አላውቅም።

እሷ ካልኩሌተሩን ከዚያ ቀን ወዲህ ለሒሳብ ብቻ ነካችው። ናሆም ከክረምቱ ሲመለስ "ሁለተኛውን እንሥራ፤ አሁን ድምፅም ማውጣት እችላለሁ" አላት። "አንተ ሥራው" አለችው። እኔም ጠየቅኋት፤ ለምን ተውሽው አልኳት። "እማማ፣ ለኔ ቢሆን ኖሮ ይወጣልኝ ነበር" አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም። የኮሌጅ ትምህርት ስትመርጥም እንደዚሁ፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ሥራ ሲቀርባትም እንደዚሁ። አትከራከርም፣ አትደግምም። "ለኔ አይደለም ማለት ነው" ትላለች፣ ትተዋለች። ያ ቃል ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ጥሩ ሠራተኛ ናት፤ ሰው ይወዳታል። ደስተኛ አይደለችም አልልም። ግን ለምንም ነገር ስትታገል አይቻት አላውቅም፤ ያን ጊዜ ስድስቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት የታገለችውን ልጅ ደግሞ በዓይኔ አይቻታለሁ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ዕጣ አልጣልኩም። ለቅርጫው ሲጠሩኝ ዓይኔ ደክሟል አልኳቸው። ዓይኔ ደህና ነው፤ እስከ ዛሬ መርፌ ላይ ክር አስገባበታለሁ። አንዱን ውሸት ላለመንካት ሌላ ውሸት ደረብኩበት። እነሱ ደግሞ "ይኸው፣ ዓይኗ ሲደክም አልጥልም አለች፤ እውነተኛ እንዲህ ነው" ብለው የበለጠ አከበሩኝ። ክብሩንም ተቀበልኩ።

ባለፈው ሳምንት አልማዝ ቤት መሳቢያ ስናስተካክል ካልኩሌተሩን አገኘሁት። ባትሪው ፈስሶ አረንጓዴ ሆኗል። ጠርጌ አዲስ ባትሪ አስገባሁበትና በራ። ጌሙን ፈለግሁት። ባዶ ነው። ያ ሁሉ ረድፍ፣ ያ ሁሉ አንድና ዜሮ የለም። መሬት ላይ ተቀምጬ በተኖቹን ሁሉ ተጫንኩ። ለናሆም ደወልኩለት።

"ባትሪ ሲያልቅበት ይጠፋል እማማ። ሚሞሪው እንደዛ ነው።"

"አይመለስም?"

"አይመለስም። ምን አስታወሰሽ አሁን?"

ያን ጊዜ ወጣ። እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ቁልፉን ነገርኩት፣ ክሩን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። "ያ የገና ዛፍ ኮት!" አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

"ሶሲ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እማማ፣ እኔ አልነግራትም። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት።" እንደዚያ ባለ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም። ደህና ሁኚም ሳይለኝ ዘጋው።

ለሱ መንገሬ ራሱ ሌላ ጥፋት ይሆን? እሱስ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የወጣለት ልጅ ነኝ ብሎ አልኖረም? ከእሱም ወሰድኩበት። በየትኛውም በኩል ብዞር የማካፍለው ነገር የለኝም። የጠፋ ጌም፣ ያለፈ ክረምት፣ ያደጉ ልጆች። ግማሽ ግማሽ ብዬ የምሰጣቸው ምን አለ?

እሑድ ሶስና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ሁልጊዜ እሷ ናት የምትወስደኝ። በር ላይ ታወርደኛለች፣ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ሆና ትጠብቀኛለች። ስንት ዓመት "ገብተሽ ሳሚ እንጂ" ብያታለሁ። "ሌላ ቀን እማማ" ትለኛለች። የዚህ አገር ልጆች እንዲህ ናቸው ብዬ ነበር የተውኩት። ምን ማየት ነበረብኝ? ምንስ አላየሁም?

አልወረድኩም። ካልኩሌተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭኔ ላይ አኖርኩና መናገር ጀመርኩ። ሞተሩን አጠፋችው። የኮቱ ቁልፍ ጋ ስደርስ መስኮቱ ተንኳኳ። የቅርጫው ሰዎች አስተባባሪ ናት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። ሶስና መስተዋቱን ዝቅ አደረገችው።

"እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ለዘንድሮው ፋሲካስ ይጥሉልናል አይደል? እርስዎ ከተዉት ወዲህ እኮ ጭቅጭቅ ብቻ ነው!"

"ዓይኔ…" አልኩ።

"እግዚአብሔር ይማርዎ፤ ዳኛ የለንም እኮ" ብላ ሄደች።

ሶስና መስተዋቱን መለሰችው። "ዓይንሽ ምንም አልሆነም" አለችኝ ፊት ለፊት እያየች። ቀጠልኩ። ምንም አላስቀረሁም፤ ጽዋውን፣ ክሩን፣ የጨፈንኩትን ዓይን፣ የጠራሁትን ስም። ለናሆም ስላዘንኩ ነው አላልኳትም። ማዘኔ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያዘንኩት በሷ ድርሻ ነው፣ ይህ ደግሞ ምክንያት አይሆንም። "ይቅር በዪኝ" አልኳት። ደግሜ አልኳት። ከመኪናው ወርጄ እግሯ ላይ ልወድቅ በሩን ስከፍት ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

ካልኩሌተሩን ከጭኔ ላይ አነሣችና ባዶውን ስክሪን አየችው። በተን አልነካችም። ከውጭ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ሰው ጫማውን እያወለቀ ይገባል። የምትጮኽብኝ መሰለኝ። ብትጮኽብኝ በወደድኩ። የምትስቅም መሰለኝ፣ እንደ ናሆም። እሷ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከልጅነቷ ወዲህ ባልሰማሁት ድምፅ፣ እንዲህ አለችኝ፦

"እማማ፣ እኔ እኮ አንቺን አልነበረም፣ ናሆምንም አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት የተቀየምኩት 'ፈረደ' ያልሽውን፣ እሱን ነው። አሁን እሱን ማን ይቅርታ ይጠይቅልኝ?"